ለየብቻ የቀረበ ኑድል

ልጅ እያለሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምትጠብቀኝ አክስቴ ነበረች። ሰንራይዝ ማነር ሰፈር ካለው ትምህርት ቤታችን አጥር ሥር፣ ዝናብ በማይዘንብበት አገር፣ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግታ ትቆማለች። ልጆቹ ጃንጥላዋን እያዩ ይሳሳቁ ነበር። እኔ ግን ከሩቅ ሳየው ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የዋለው ትንፋሼ ይለቀቃል። ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ሳልናገር የምውልበት ቀን ብዙ ነበር፤ አስተማሪዬ እናቴ ጋ ደውላ እንግሊዝኛ እችል እንደሆነ እስከ መጠየቅ ደርሳለች። ጃንጥላው ሥር ስገባ አፌ ይከፈትና ቤት እስክንደርስ አይዘጋም። አክስቴ ከንጋት ጀምሮ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ፎጣ ስታጥፍ ስለምትውል ልብሷ የሞቀ ፎጣ ይሸታል። ዛሬም ከማድረቂያ የወጣ ፎጣ ፊቴ ላይ ሳስጠጋ ወሬ ወሬ ይለኛል።

ስሟ ዘነበች ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ስትሆን እናቴ እታለም ስለምትላት እኔም እታለም እላታለሁ። የራሷ ልጅ የላትም። እናቴ ካዚኖ ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራ ነበር፤ አባቴ ደግሞ ዳውንታውን፣ መሃል ከተማው ላይ፣ ሴኩሪቲ ስለሆነ የሚገባበት ሰዓት አይታወቅም። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ያለው ቀኔ የእታለም ነበር። መክሰሴን ትሰጠኛለች፣ ጸጉሬን ትጎነጉንልኛለች፣ የቤት ሥራዬ ባይገባትም እስክጨርስ ከአጠገቤ አትነሳም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ስትመኘው የኖረችውን የቀን ሺፍት አገኘች። ደስ ብሏት ለእታለም ደወለችላት። ከሰኞ ጀምሮ ልጅቷ እዚያው ትምህርት ቤት አፍተር ስኩል ትቆያለች፣ አንቺም ከእንግዲህ በዚህ ፀሐይ አትንከራተቺ አለቻት።  የእህቷ ጉልበት እያመማት በአውቶቡስ መመላለሷ እናቴን ሲያሳስባት ከርሞ ነበር፤ አሳረፍኳት ብላ ነው። እታለም ግን ሥራው ሲያልቅ እንደሚሸኝ ሠራተኛ ተሰናበትኩ አለች። ይህን ለእናቴ አልነገረቻትም፤ ለአባቴ ነው የነገረችው። አባቴ ለእናቴ ሲነግራት እናቴ በተራዋ፣ እኔን እንዲህ አድርጋ ነው የምታስበኝ ብላ ተቀየመች።

የተቀያየመ ሰው ደግሞ ከአንድ ትሪ አይበላም። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ አይቼ ነው ያወቅሁት። እታለም ለበዓል መጣች፣ ሁላችንንም ሳመች፣ ምግብ ሲቀርብ ግን በልቼ ነው የመጣሁት አለች። በበዓል ቀን ማን በልቶ ይመጣል? እናቴም አልለመነቻትም፤ ወጡን አውጥታ ማድ ቤት ገብታ ቀረች። ለአራት ሰው ከቀረበው ትሪ አባቴና እኔ ዳር ዳሩን ቆረስን። እታለም ስትሄድ በሩ ላይ ጉንጬን ይዛ አየት አደረገችኝና ወጣች።

ከዚያ በኋላ አልመጣችም። አፍተር ስኩል ውስጥ ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ ቤት ስገባም የማወራው እየጠፋኝ ሄደ። እናቴ ምን ሆነሻል ስትለኝ፣ ምንም እላታለሁ። የምፈልገው እታለም እንድትመለስ ብቻ ነበር። ያን ብነግራት ግን እናቴን የከዳኋት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ነገር አያበዛም። አንድ እሑድ ከሥራ ኦፍ ስለነበር ኑድል ልጋብዛችሁ አለን። ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ላይ ያለ የጃፓን ምግብ ቤት ነው፤ የሥራ ባልደረባው ወስዶት ያውቃል። እናቴ፣ ፓስታ ቤታችን እያለ ምን አስኬደን አለች። እታለምም ትመጣለች ሲላት ነጠላ ጫማዋን በደህናው ቀየረች። እታለምን ምን ብሎ እሺ እንዳሰኛት የነገረኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እዚያ ትሪ የለም፣ ለሁሉም ለየብቻው ነው የሚቀርበው ብሏታል።

በሩን ስንከፍት ምግብ አብሳዮቹ ከውስጥ በአንድ ድምፅ ጮኹ። እናቴ ደንግጣ ክንዴን ያዘችኝ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው እንደሆነ አባቴ ነገራት። መስኮቶቹ በእንፋሎት ደብዝዘዋል። ቤቱ የዶሮ መረቅ፣ ዝንጅብልና የተጠበሰ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። እታለም ቀድማን ደርሳ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔን አገላብጣ ሳመችኝና ለእናቴ እጇን ሰጠቻት። እህትማማቾቹ ሲጨባበጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

አስተናጋጇ ስትመጣ እታለም መረቁ የአሳማ እንዳይሆን እንድጠይቅላት ነገረችኝ። አባቴ፣ ጠይቄያለሁ የዶሮ አላቸው ቢልም፣ ልጅቷ ትጠይቅልኝ አለች። ድምፄ አልወጣ አለ። አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠጋች። እታለም ከጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ነካ ስታደርገኝ ጠየቅሁ። አስተናጋጇ፣ የዶሮው ለብቻው ነው የሚበስለው አለችኝ። ለአራታችንም እሱን አዘዝን።

ምግቡ እስኪመጣ ሁለቱ ሴቶች የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነበር። እናቴ፣ አክስትሽን ውኃ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት ትላለች። እታለም፣ ለእናትሽ አልጠማኝም በያት ትላለች። በመካከላቸው ያለው ርቀት ክንድ አይሞላም። አባቴ ቀጫጭኖቹን የእንጨት መብያ ዘንጎች አንድ በአንድ ከወረቀታቸው እያወጣ ይደረድራል።

ኑድሉ በጎድጓዳ ሳህን መጣ። ለእያንዳንዳችን ከነግማሽ እንቁላሉ፣ ከነቀጭን ሽንኩርቱ። እናቴም እታለምም ሹካ ጠየቁ፤ አንገታቸውን ደፍተው መብላት ጀመሩ። ይህኔ ከጎናችን ያለ አንድ ሽማግሌ ኑድሉን ይምግ ጀመር። መማግ ብቻ አይደለም፤ ቧንቧ የተከፈተ ነው የሚመስለው። እናቴና እታለም ያደጉት ሲበሉ ድምፅ ማሰማት በማይፈቅዱ አባት ቤት ነው። የአፉ ድምፅ የተሰማ ልጅ ከማዕድ ይነሳል።

ሽማግሌው እንደገና ማገ። የእናቴ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እታለም ናፕኪኑን አፏ ላይ ጭና ሳህኗ ላይ አቀረቀረች።

"እታለም፣" አለች እናቴ ቀና ሳትል፣ "አባባ ይህን ቢሰሙ?"

"ከነሳህኑ በረንዳ ነበር የሚያስወጡት።"

ሳቁ አመለጣቸው። እናቴ ጠረጴዛውን ይዛ፣ እታለም ዓይኗን እየጠረገች፣ ድምፃቸውን ለማፈን ሲሞክሩ ይብስባቸዋል። እኔ ምን እንዳሳቃቸው በደንብ ሳይገባኝ አብሬያቸው ሳቅሁ። እየቆየ ግን የእታለም ዓይን መታበሱን አላቆመም፤ ሳቁ ካለቀ በኋላም እንባው ይወርድ ነበር።

"እንደ ሠራተኛ እኮ ነው ያሰናበትሽኝ።"

"እንድታርፊ ብዬ ነው። ጉልበትሽን እያየሁ..."

"ማን አርፋለሁ አለሽ? ይቺን ልጅ ማየት ለእኔ ሥራ ነው?"

 እናቴ ሹካዋን አስቀምጣ የእህቷን እጅ ያዘች። አባቴ መስኮቱን እያየ፣ ይቀዘቅዛል ብሉ አለ። እታለም ሳህኗን ወደ መሃል ገፋ አደረገችውና፣ ቅመሺው የእኔ ይበልጣል አለቻት። አንድ ዓይነት ነበር ያዘዝነው። እናቴ ማንኪያዋን ከእህቷ ሳህን ነክራ ቀመሰችና፣ እውነትሽን ነው ይበልጣል አለች። እኔም ቀመስኩ። የእውነት የሚበልጥ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ አጥሩ ሥር ጥቁሩ ጃንጥላ ተዘርግቶ ጠበቀኝ። ሳምንቱን ሙሉ ስለዚያ ሽማግሌ አወራን።

አሁን ወላጆቼ ሰዘርን ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ቤት ገዝተዋል። እኔም ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ዳውንታውን ባለው የካውንቲ አስተዳደር ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ትልቁ ትሪ የሚወጣው እንግዳ ሲመጣ ነው። እናቴ ከሥራ ስትገባ የራሷን በማይክሮዌቭ ታሞቃለች፣ አባቴ ቴሌቪዥን ፊት ይበላል፣ እኔ ስልኬን እያየሁ። ማንም አልተጣላም፤ ሰዓታችን አልገጥም ብሎ ነው። ግን አንዳንዴ እፈራለሁ። ድሮ አንድ ሰው ሲከፋው እጁን ሰብስቦ ይቀመጥና ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር። ዛሬ ከመካከላችን አንዱ ቢከፋው በምን እናውቃለን?

እታለም ጡረታ ወጥታ ያው በድሮ ሰፈራችን ብቻዋን ትኖራለች። ቅዳሜ ከሰዓት ስደውልላት ምን በላሽ አልላትም፤ ከማን ጋር በላሽ ነው የምላት። ጎረቤቷን ወይም የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዋን ስትጠራልኝ ደስ ብሎኝ ወሬዬን እቀጥላለሁ። "ብቻዬን ምን ያበላኛል" ያለችኝ ቀን ግን ስልኩን ሳልዘጋ የመኪናዬን ቁልፍ እፈልጋለሁ።