በልብስ ሰፊው ጓዳ የተሰፋ ድራማ

ሥራ የጀመርኩት በአንድ ዓርብ ነው። የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ ጫማህን አውልቅ የሚል ነበር። ሪያድ፣ ሹመይሲ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የዓባያ ጨርቅ ጥቅልል የተደረደረባት ጠባብ ጓዳ አለች። ጋሽ ሙሉጌታ በሩን ሲዘጉት የመኪናው ጥሩምባ፣ የሰው ጫጫታ፣ የሪያድ ሙቀት ሳይቀር ውጭ የቀረ መሰለኝ። ሳወራ የገዛ ድምፄ ከሌላ ሰው አፍ የሚወጣ ያህል ራቀብኝ።

"ስቱዲዮው ይኸ ነው" አሉኝ። "ጨርቁ ድምፅ ይውጥልናል። ሌላ ነገር አያስፈልግም።"

ጋሽ ሙሉጌታ የሬዲዮ ፕሮግራማችን መሥራች፣ አዘጋጅና አቅራቢ ነበሩ፤ በሌላው ቀን የሰው ቤት ሹፌር ናቸው። እኔ ሰናኢያ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የፕላስቲክ ማሽን ላይ እሠራ ነበር። ሀገር ቤት ሳለሁ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እቆራርጥ ነበርና፣ ይኸን የሚያውቅ ሰው ጠቆመኝ። ማዕረጌ ቴክኒሻን ተባለ። መሣሪያዬ ያረጀ ላፕቶፕና ጆሮ የሚሸፍን ማዳመጫ ነበር።

ሬዲዮ እንለዋለን እንጂ አንቴና የለውም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሠሪዎቹ ዘመድ ጥየቃ ሲወጡና ቤቱ ጭር ሲል፣ በስልክ ለአድማጮች ይላካል። አድማጮቻችን አብዛኞቹ አሠሪዎቻቸው ቤት የሚኖሩ እህቶች ናቸው። ስለ ዘፈን ይወራል፣ ስለ ፊልም ይወራል፣ የተፋታና የታረቀ አርቲስት ሁሉ ይነሳል። የፕሮግራሙ ነፍስ ግን ድራማው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዳሞቹ፣ የቤቱ እመቤቶች፣ ሳሎን ተቀምጠው በዓረብኛ የተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ያያሉ። ሠራተኛዋ የምታየው ሻይ ስታስገባና ብርጭቆ ስታነሳ ብቻ ነው። አንዷ ጠቡን ታያለች፣ መንስኤውን አታውቅም። ሌላዋ፣ በሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ሳሎን ደጃፍ ላይ ሆና መንስኤውን ሰምታለች፣ ጠቡ ግን አምልጧታል። ሁሉም ያዩትን ቁራጭ በድምፅ ይልኩልናል፤ እኔ እሰፋዋለሁ። ከባሕር ፊት ለፊት ያለው ያ ትልቅ ቤት፣ ሪማ የምትባለው ባለታሪክ፣ እንባዋና ቀሚሷ፣ ሁሉም በብዙ ሴቶች አንደበት ተራ በተራ ይመጣል። ማዳመጫውን አድርጌ ስሰማ ሪያድ በሙሉ አንድ ሕልም በቅብብል የሚያልም ይመስለኝ ነበር። ድራማውን አንድም ቀን በቴሌቪዥን አይቼው አላውቅም፤ እንዳይም አልፈለግሁም።

ሕጋችን ጥብቅ ነበር። ማንም በስሟ አትጠራም፤ የቅመም ስም ይሰጣታል። እህት ከሙን፣ እህት ሄል፣ እህት ቀረፋ። ድምፃቸውን ትንሽ አወፍረዋለሁ ወይም አቀጥነዋለሁ። የበር ደወል፣ የሕፃን ስም፣ አዛን ሳይቀር ይቆረጣል። ሙአዚኑን በድምፁ ለይቶ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና።

ከሁሉም የሚያታክተኝ እርማቱ ነበር። ፕሮግራሙ በተላከ ማግሥት ስልኩ በተቃውሞ ይሞላል። "ወላሂ ውሸት ነው፣ ሪማ በጥፊ አልመታችውም" ትላለች አንዷ። "እጇን አነሳች፣ ከዚያ ማስታወቂያ ገባ።" ሁሉንም መስማት የእኔ ሥራ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ በዚህ ቀልድ አያውቁም። "እነዚህ ሰዎች ሌላ ቦታ ተሳስተሻል ሲባሉ እንጂ ተሳስታችኋል ሲሉ አይውሉም" ይሉኛል። "እዚህ ይበሉ። አንተ ስማ።"

እህት ቀረፋ ከተራኪዎቻችን ሁሉ የተወደደች ነበረች። ረጋ ያለች ወሎዬ ናት፤ የት ሰፈር እንደምትሠራ ዛሬም አልጽፍም። አንድ ቀን ትረካ ስጠብቅ ጥያቄ ላከች።

"ወንድሜ፣ ድምፄን መቀየር ብትተወው ምን ይመስልሃል?"

ደወልኩላት። ታናሽ እህቷ ሪያድ ውስጥ ከከፊሏ ቤት፣ ማለትም ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ከያዘው አሠሪዋ ቤት፣ ወጥታ ጠፍታለች። ስልኳ ተዘግቷል። ከወጣች በኋላ ያያት ሰው የለም።

"እናቴ በደወለች ቁጥር አለች ወይ ትለኛለች" አለችኝ። "አለች እላታለሁ። ኢንሻአላህ አለች። ግን ወንድሜ፣ ስናገረው እኔው ራሴ አላምነውም። እሷ ከመጀመሪያው ጀምሮ ትሰማችኋለች። ከማንም ስልክ ለምና ቢሆን ዓርብን አታልፍም። ድምፄን ከሰማች ትደውላለች፤ ሲሟ ቢጠፋባት ነው ቁጥሬን ያጣችው።"

ለጋሽ ሙሉጌታ ነገርኳቸው። እምቢ አሉ። "የጠፋችውን የሚፈልጋት ከፊሏም አለ። ቀረፋን በድምፅ የለየ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው እሷን ነው። ሁለት ሰው ላጣ?"

ይኸንኑ ስነግራት አልተከራከረችኝም። በማግሥቱ ግን ሌላ ሐሳብ ይዛ መጣች። "እንግዲያው ድምፄን ተዉት፣ እህቴ ወሬዬን ታውቀዋለች" አለች። "ልጅ ሳለን ከገበያ ስንመለስ ዝናብ ያዘንና ወፍጮ ቤት ተጠለልን። እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት፤ አዝያት ቤት ገባሁ። ይኸን የሪማ ታሪክ አድርጌ ልንገረው። ወፍጮ ቤቱን ግን ዳቦ ቤት እለዋለሁ።"

"ለምን?"

"እሷ ስህተት ሰምታ ማለፍ አትችልም። አባባ ተረት ሲነግረን ጅቡን ቀበሮ ካለ እስኪያስተካክል አታስቀጥለውም ነበር። ናፍቆት ላያስደውላት ይችላል፤ ትፈራለች፣ ታፍራለች። ስህተት ግን ያስደውላታል።"

ጋሽ ሙሉጌታ ይኸን ሲሰሙ ይበልጥ ተቆጡ። ድራማው ውስጥ የሌለ ነገር አስገብተን አናውቅም። "ሴቶቹ የሚያምኑን ያልሆነውን ሆነ ስለማንል ነው" አሉ። እኔም ያለወትሮዬ መለስኩላቸው። "ጋሼ፣ ድራማውንም እኮ ማንም ሙሉውን አላየውም" አልኳቸው። ጨርቁን ተደግፈው ተቀመጡ። "አንድ ጊዜ ብቻ" አሉ። "ኸላስ፣ በቃ።"

ቀረፋ ስትተርከው ያቺ ጓዳ ዝናብ የገባባት መሰለኝ። ሪማ ልጅ ሆነች። የባሕሩ ቤት ጠፋና ቀይ አፈር ያለበት መንገድ መጣ። ሁለት ልጆች ዳቦ ቤት ደጃፍ ተጠልለው ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ሰሙ፤ ትንሿ ተኛች፣ ትልቋ አዘለቻት። ከድምፅዋ ጀርባ የመጣውን አዛን ቆረጥኩና ዓርብ ላክነው።

በማግሥቱ የወረደብን ተቃውሞ ታይቶ አይታወቅም። "ሪማ እህት የላትም" አሉ። "እኛ ቤት ያለው ቴሌቪዥን ይኸን አላሳየም" አሉ። "ቀረፋ ምን ነካት፣ ድራማውን ይዛው ሀገሯ ገባች እኮ" ያለችም ነበረች። ዳቦ ቤቱን የነካ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ቀረፋ በየቀኑ "መጣ?" ትለኛለች፤ አልመጣም እላታለሁ። ቀጣዩ ዓርብ አለፈ። ሌላውም አለፈ። በመጨረሻ መጠየቋንም አቆመች፣ እሱ ከጥያቄው ይልቅ ከበደኝ።

ከዚያ ወዲያ በአንዱ ቀን፣ ስለ አንድ ዘፋኝ ጋብቻ የሚሟገት የድምፅ ክምር እያዳመጥኩ ሳለ፣ ከማላውቀው ቁጥር አንዲት ቀጭን ድምፅ ገባች። ከኋላዋ ውኃ ይወርዳል። በጣም ዝግ ብላ ነው የምታወራው።

"ሰላም እህት ወንድሞች። የቆየ ነገር ነው፣ ለማረም ያህል ነው። ዳቦ ቤት አይደለም፣ ወፍጮ ቤት ነው። ፊታችን ሁሉ ዱቄት ሆኖ ነበር። ደግሞ ትንሿ ልጅ አልተኛችም። መሄድ ሰልችቷት ዓይኗን ጨፍና ነው። በቃ ይኸው ነው።"

ማዳመጫውን አውልቄ ለጋሽ ሙሉጌታ ሰጠኋቸው። ሰምተው ሲጨርሱ "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት። ፊታቸውን ወደ ጨርቁ አዙረው ቆዩ፤ እኔ ግን አልደበቅሁም፣ አለቀስኩ።

"ይኸ በፕሮግራም አይተላለፍም" አሉኝ። "ለባለቤቱ ላክ። ከነቁጥሩ።"

ለቀረፋ ላክሁላት። መልሷ በድምፅ መጣ። ትንፋሿ ይሰማል፣ እያለቀሰች መሆኑ ይታወቃል፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

"አየኸኝ ወንድሜ" አለች። "እኔ እኮ ተኝታለች ብዬ ነው ያን ሁሉ ዳገት ያዘልኳት።"

ለአዲስ ቴክኒሻኖች የማስተምረው ብዙ የለኝም። ሊያርማችሁ የደወለን ሰው እስከ መጨረሻው ስሙት።