«ነገ ና» የሚለው ሰውዬ

አምቦ ውስጥ ካርቱን እሠራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እሺ፣ ሥራህስ?» ብሎ ነው። ሥራዬ አስተማሪነት ነው፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ካርቱኑ ግን ከሥራዬ የባሰ ጊዜዬን ይበላዋል። በየሳምንቱ አራት ሳጥን አሰምራለሁ፤ በአራቱ ውስጥ አንድ ነገር ተጀምሮ ያልቃል። በእርሳስ እነድፋለሁ፣ በእስክሪብቶ አደምቃለሁ። አንዱን በአማርኛ፣ ሌላውን በኦሮምኛ አናግራለሁ፤ ከተማው እንደዚያ ነዋ የሚያወራው።

ኢንተርኔት የተዘጋበት ጊዜ ነበር። ስልክ ላይ መልቀቅ ስላልቻልኩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛዬ የሱቁን መስታወት ሰጠኝ። ቅዳሜ ጠዋት እለጥፋለሁ፣ ገበያተኛው ቆሞ ያነባል። ሁሉም የሚወደው አንድ ሰውዬ ነበረኝ፤ ስም አላወጣሁለትም። ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጧል። ሰው ወረቀት ያቀርብለታል፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ያነባል፣ ያገላብጣል፣ እስክሪብቶውን ያነሳል፣ አራተኛው ሳጥን ላይ «ነገ ና» ይላል። ሁልጊዜ። አንዲት እናት የልጇን የሰርግ ጥሪ ይዛለት ብትመጣ እንኳ «ነገ ነይ» ብሏታል። ሌላውን ሁሉ አሥር ጊዜ እየሰረዝኩ ነው የማወጣው፤ እሱ ግን አንዴ ብጀምረው በራሱ ይጨርሳል።

አንድ እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ያኔ ገና ከወላጆቼ ጋር ነበር የምኖረው። ከመንግሥት ቢሮ ጡረታ የወጣው አባቴ ተነስቶ ወንበር ቢያቀርብላቸው አልቀመጥ አሉ። ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ እሺታህን ሳይሰማ አይቀመጥም።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ፤ «ጉደር ያለ ሰው በአንተ አዝኗል። ሥለህ መስታወት ላይ ለጥፈኸዋል፣ አላፊ አግዳሚው እየሳቀበት ነው። ለእርቅ መጥተናል፤ ቶሌ፣ እሺ በለን።»

«ጋሼ፣ እኔ ጉደር የማውቀው ሰው የለም።»

«መጀመሪያ እሺ በል። ከዚያ ትናገራለህ።»

ያድነኛል ብዬ ወደ አባቴ ዞርኩ። «ሽማግሌ ቆሞ አይመለስም። ይቅርታ ጠይቅ» አለኝ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ። ተናደድኩ። እሺ ያልኩት እንዲቀመጡልኝ ብቻ ነው። እነሱ ግን እሺታዬን እንደ እምነት ቃል ይዘውት ሄዱ፤ በሳምንቱ ጉደር ውስጥ አንድ በሕይወቴ አይቼው የማላውቅ ጡረተኛ ጉልበት ላይ ተደፍቼ ነበር።

ሰውየው ደግ ነው። ቶሎ አነሳኝ፣ ይቅር አለኝ፣ ምሳ አበላኝ። ስንሰነባበት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አፍንጫዬን ግን አበዛኸው» አለኝ። ምን ልበል? እንደገና ይቅርታ ጠየቅሁ። ሚኒባስ ውስጥ ስመለስ ነገሩን አሰላሁት። ሰውዬውን መሳል ብተው «እውነትም እሱ ነበር» ይባላል። ብቀጥል ደግሞ «እርቅ አፈረሰ» ይባላል። ያልሠራሁትን ካመንኩ በኋላ የሠራሁትን እንዴት አድርጌ ልከላከለው?

በዚህ መሀል ወሬው ጊንጪ ደረሰ። አንድ የእህል ነጋዴ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጣና አፋጠጠኝ።

«ያ ሰውዬ እኔ ነኝ፤ ጊንጪ በሙሉ ያውቃል። እኔ እያለሁ የጉደሩ ሰው ይቅርታ የሚጠየቀው በምን ሒሳብ ነው?»

ነጋዴ ነው፤ ቢሮ የለው፣ ጠረጴዛ የለው። ግን እየተቆጣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሲሰቅለው፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ቁርጥ ሰውዬውን መሰለኝ። እሱንም ይቅርታ ጠየቅሁ። ለምዶብኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ የካርቱን ሠዓሊዎች ስብሰባ ላይ ተጠራሁ። መድረክ ላይ ደርድረውን «የማን ተጽዕኖ አለብህ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ሌሎቹ የውጭ ሠዓሊ ስም ያወርዱታል። እኔ «የጤና ጣቢያ ፖስተር» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። የምሬን ነበር፤ እጃችሁን ታጠቡ የሚለው ፖስተር አራት ሳጥን ነበረው፣ ልጅ ሆኜ ወረፋ ስጠብቅ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። «ሰውዬውስ? እሱን ከየት አመጣኸው?» ሲሉኝ ግን ማይክሮፎኑን አጠገቤ ለተቀመጠው አሳለፍኩ። የገዛ ሰውዬዬን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም ብል ማን ያምነኛል?

አምቦ ተመልሼ የሰውዬውን ሥዕሎች በሙሉ ሳሎን ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። እናቴ የታጠበ ልብስ ታቅፋ ገባች፤ እንዳትረግጣቸው ጥግ ጥጉን ሄደች።

«እማዬ፣ ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?»

«ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ጥሎኝ ሄደ። ወለሉን አየሁ፤ ያ ሁሉ ሳጥን አባቴ ነበር። ልጅ ሆኜ ደብተር አለቀብኝ፣ ጫማዬ ተቀደደ ልለው ስቀርብ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ለረጅም ጊዜ ያየኝና «ነገ» ይለኝ ነበር። እንዴት ጠፋኝ? አንድ ቤት እያደርን፣ አንድ ማዕድ እየቆረስን!

«አባዬ ያውቃል?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ሄዶ ያነብ የለ እንዴ። ሰው ሲስቅ አብሮ ይስቃል አሉ።»

«ታዲያ ለምን አይነግረኝም?»

«ምን ይበልህ? በገዛ ልጁ ላይ ሽማግሌ ይላክ?»

ጓሮ ጎመኑን ሲኮተኩት አገኘሁት። «አባዬ፣ ይቅርታ» አልኩት።

«ለምኑ?»

ለሁለት ባዕድ ሰዎች እንደ ውሃ የፈሰሰው ይቅርታ እሱ ፊት አፌ ላይ ደረቀ። ለምን እንደሆነ ብነግረው «ከተማውን ያሳቅሁበት ሰው አንተ ነህ» ማለቴ ነው። ባልነግረው ይቅርታው ባዶ ነው። አፈርኩ፤ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ።

ቀና ብሎ አየኝ። «ያ ሰውዬህ ግን አንድ ቀን እንኳ አይፈርምም?» አለኝ በቀስታ። «እኔ እኮ ብዙ ፈርሜያለሁ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬውን ሲፈርም ልሥለው እሞክራለሁ፤ ይኸው ዓመታት አለፉ። ሦስቱ ሳጥኖች ወዲያው ይወጣሉ። አራተኛው ላይ እጄ ይቆማል። አባቴ ቢሮው ተቀምጦ ለሰው ሲፈርም አንድም ቀን ሄጄ አላየሁትም፤ ያን ጊዜ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላውቅም።