የአንድ ቀን አሰልጣኝ

የሰፈራችን ቡድን በዕድሜው ያገኘው ዋንጫ አንድ ነው፤ ያባረራቸውን አሰልጣኞች ግን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው የለም። ልደታ ውስጥ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ የማያውቅ ጎልማሳ ካለ፣ ከሌላ ሰፈር የመጣ መሆን አለበት። ሰው ይቀየራል እንጂ ነገሩ አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

ማባረሩ እንኳ ወግ ነበረው። ኮሚቴው አሰልጣኝ ሲያሰናብት፣ ልጅ ለጋብቻ እንደሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ይልካል። አባቴንም እንዲሁ አደረጉት። ቡድኑን ለፍጻሜ አድርሶ፣ ጨዋታው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ጌጃ ሰፈር ቤታችን መጡ። እናቴ ሊመርቁት የመጡ መስሏት ምሳ አቀረበች። በሉ፤ መረቁ። ከዚያ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለቡድኑ ሰላም ሲባል፣ ነገ ሌላ ሰው ይምራው ተብሏል» አሉ። የአባቴ ጥፋት የሊቀ መንበሩን የእህት ልጅ ተቀያሪ ማድረጉ ነበር። የቡድኑ ሰላም ማለት እንግዲህ ያ ልጅ ነው።

በማግስቱ የእህት ልጅ ተሰለፈ፤ ገና ሳያልበው እግሩን ወለም ብሎት ወጣ። በእሱ ቦታ የገባው የአባቴ ምርጫ ዋንጫውን ያስገኘችውን ጎል አገባ። ትከሻ ላይ የወጣው ግን በዋዜማው የተሾመው ሰውዬ ነው።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ዘንድሮ ኮሚቴው ሜክሲኮ አካባቢ አዳራሽ ተከራይቶ የዋንጫውን መታሰቢያ ደገሰ። ለአባቴም ጥሪ ደረሰው። እነሱን ስለማውቃቸው አትሂድ አልኩት።

«አንዴ ስሜን ቢጠሩት ይበቃኛል» አለኝና ሙሉ ልብሱን አስተኮሰ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ አብሬው ሄድኩ።

ንግግር በንግግር ላይ ሆነ። ኳስ በእግሩ ነክቶ የማያውቅ ሁሉ ባለታሪክ ተባለ። የአንድ ቀኑ አሰልጣኝ ካባ ለበሰ። የአባቴን ስም ያነሳ አልነበረም። በመጨረሻ እንግዶቹ እንዲያዩት ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አባቴ ጋ ደረሰ። በሁለት እጁ ተቀበለው። በሕይወቱ ሲይዘው የመጀመሪያው ነበር። ፎቶ አንሺው እየተጣደፈ ሲመጣ፣ አባቴ ኮቱን አስተካክሎ ቀና አለ።

«አባባ፣» አለው ፎቶ አንሺው በትህትና፣ «ለእሳቸው ያቀብሉልኝና ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ አሰልጣኙን ላንሳ።»

አባቴ ዋንጫውን አቀብሎ ፈቀቅ አለ።