ሁለተኛውን ስንኝ የሚያውቁ ሰዎች

ባለፈው እሑድ እዚሁ ደሴ ከምሄድበት ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ዘግይቼ ደረስኩና መቀመጫ አጣሁ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ደጅ በተወጠረው ሸራ ሥር እንኳ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ቆሟል። አንዲት ልጅ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ትንፋሼን ሳልሰበስብ የመዘምራኑ መሪ ድምፅ ማጉያውን ለሚቆጣጠረው ልጅ በእጁ ምልክት ሲሰጥ አየሁ፤ ጨምር፣ ጨምር፣ አይሰማም። አዳራሹ ግን በድምፅ ይነዝር ነበር። ሳቄ አመለጠኝ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ "ምነው እማማ?" አለችኝ። ጉባኤ መካከል የሚነገር አይደለምና እጇን መታ መታ አድርጌ ወደ መድረኩ ዞርኩ። ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ስከትፍ ግን ነገሩ ሁሉ እየተነሣ መጣብኝ፤ ወጡን በትንሽ እሳት ላይ ትቼ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

በደርግ ጊዜ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በሩ ታሽጎ፣ አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆኖ ነበር። ጴንጤ መባል ያኔ ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ከሥራ ያስወጣል፣ ከትምህርት ያስቀራል፣ ሲብስም ያሳስራል። ሁለት ወንድሞች ተይዘው ወራት ቆይተው ወጥተዋል፤ አንደኛው ከዚያ በኋላ በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር። ስለዚህ በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነን እንሰበሰባለን።

የእኛ መሰብሰቢያ ሰኞ ገበያ የሚገኘው የጋሽ ታደሰ ልብስ ስፌት ቤት ጓዳ ነው። ጋሽ ታደሰ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሜትራቸውን ከአንገታቸው የማያወርዱ ሰው ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ አንዳችን ቀሚስ ለማሳጠር፣ ሌላችን ዚፕ ለማስቀየር መስለን በተራ በተራ እንገባለን። ደጅ የተደረደረ ጫማ ዓይን ስለሚስብ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነው የምንገባው። ጸሎትና ቃሉ ካለቀ በኋላ የመዝሙሩ ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ታደሰ ጨርቅ ያልገባበትን የስፌት መኪና በእግራቸው መርገጥ ይጀምራሉ። መኪናው ሲሽከረከር እኛ ከጩኸቱ ሥር በትንፋሽ እንዘምራለን። ደስ የሚለን ቦታ ስንደርስ ድምፃችን ሳናውቀው ከፍ ይላል፤ እሳቸውም ረገጣውን ያፈጥኑታል፤ ባለቤታቸው እትዬ አበበች "ኧረ ቀስ በሉ፣ መኪናው ጣራ ነቅሎ ሊሄድ ነው" ሲሉ ሁላችንም አፋችንን በነጠላ አፍነን በሳቅ እንንፈራፈራለን። ዛሬ ለልጆች ስንነግራቸው የፍርሃት ዘመን ብቻ ይመስላቸዋል። ፍርሃቱስ ነበረ። ግን እንደዚያ ጓዳ የሳቅኩበት ቦታ በዕድሜዬ የለም።

አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረን። በሌላ ቤት ማን ከማን ጋር እንደሚሰበሰብ አንጠይቅም። የማያውቅ ሰው ቢያዝም የሚናገረው የለውም። በዚህ ምክንያት በከተማው ውስጥ ምን ያህል እንደሆንን አናውቅም ነበር፤ አንዳንዴማ ከጓዳዋ ስወጣ በደሴ የቀረነው እኛ ብቻ እንሆን ይሆን እያልኩ ሆዴ ይባባል።

ሙሉ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ እስከ አሥራ ሁለተኛ በአንድ ዴስክ ተቀምጠን ነው የተማርነው። የራሷን ቀልድ ሳትጨርስ የምትስቅ፣ ሒሳብ የማይከብዳት፣ ደፋር ልጅ ነበረች። ክረምት በለስ ሲገባ እኔ እሾሁን ስለምፈራ እሷ ናት ልጣ የምታጎርሰኝ። ቤታችን ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አጠገብ ላጠገብ ነው። የማልነግራት ነገር አልነበረም፤ ከዚህ አንዱ በስተቀር። ታላቅ ወንድሟ የወጣት ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ካኪውን ለብሶ በሰፈሩ ሲያልፍ እናቴ ድምፅዋን ትቀንሳለች። እንዴት ብዬ ልንገራት?

ሐሙስ በመጣ ቁጥር "አክስቴን ላስታምም" እላታለሁ። እሷም በዚያው ሰሞን ማክሰኞ ማክሰኞ መጥፋት ጀመረች። የት ነበርሽ ስላት "ወንድሜ ማኅበር ወስዶኝ" ትለኛለች። ይህን ስሰማ ይበልጥ ፈራሁ፤ ይበልጥም ተዘጋሁባት። አንድ ቀን ከትምህርት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አለችና፣

"አክስትሽ ግን አሁንም አልዳነችም?" አለችኝ።

"አልዳነችም።"

"ቤቷ ወዴት ነው? አንድ ቀን አብሬሽ ሄጄ ልጠይቃት።"

"ሰው አትወድም" አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። በማግስቱ ክፍል ስገባ ሌላ ዴስክ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከዚያ በኋላ ሰላምታ ብቻ ቀረን። ማታ ማታ ስጸልይ ስሟን አንሥቼ አለቅስ ነበር።

ጥር ሲገባ ከእኛ ጓዳ አንዷ፣ ጋሽ ታደሰ ዘንድ በስፌት የምትሠራው እልፍነሽ፣ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ እንደ እኛው ያመነ ወንድም ልታገባ ሆነ። ጋሽ ታደሰ ሐሙስ ዕለት ሜትራቸውን በጣታቸው እየጠቀለሉ "ስብሰባ ተከልክሏል። ሠርግ ግን ማን ከለከለ?" አሉን። ሲያወሩ ዓይናቸው ያበራ ነበር። በየቤቱ ያሉት ሁሉ ይጠራሉ ማለት ነው። በአንድ ዳስ ሥር፣ በቀን፣ በግልጽ። የምንዘምረውንም ነገሩን። ዜማው የወሎ የሠርግ ዜማ ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ "ሙሽራው ደረሰ፣ መብራትሽን አብሪ" ይላል። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የሠርግ ዘፈን ነው ብሎ ያጨበጭባል። ሁለተኛው ግን "በእጁ ጠባሳ አለ፣ በዚያ ታውቂዋለሽ" የሚል ነው። ይህኛው በየጓዳው ይዘመራል እንጂ ደጅ ወጥቶ አያውቅም። "ሁለተኛውን የምንለው እኔ ራሴን ስነቀንቅ ነው። ካልነቀነቅኩ በመጀመሪያው እናበቃለን" አሉን።

የሠርጉ ዕለት በቡድን እንዳንታይ ሁለት ሁለት እየሆንን በተለያየ አውቶቡስ ነው የሄድነው። እኔ ከእትዬ አበበች ጋር ነበርኩ። ደሴ ጉም ወርዶባት ጥርሳችን ይንቀጫቀጫል። ሐረጎ የሚባለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ ጉሙ ከበላያችን ቀረ፤ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ከታች የቦርከና ሜዳ በፀሐይ ታየኝ። ኮምቦልቻ ስንገባ ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ አስሬአለሁ። መንገዱ ዳር ብርቱካን ተቆልሏል፤ አየሩ ሸንኮራ ሸንኮራ ይላል።

ዳሱ የተጣለው የሙሽራው ጎረቤት በሆኑት በጋሽ ይመር ግቢ ነው። ጋሽ ይመር እስላም ናቸው፤ ግቢያቸው ሰፊ ስለሆነ ራሳቸው ናቸው እዚህ ይሁን ያሉት። የቀበሌው ሊቀመንበር ተጋብዞ የክብር ቦታ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ይመር አጠገቡ ተቀምጠው ያስተናግዱታል። ከዶሮው ወጥ ጋር የቀረበው መጠጥ የማያሰክሩት ቀሪቦና ብርዝ ብቻ ነበር። ሊቀመንበሩ ብርጭቆውን አየት አደረገና፣

"ሠርግ ያለ ጠላ ምን ነገር ነው?" አለ።

አጠገቡ ያሉት ሰዎች መጉረሳቸውን አቆሙ። ጋሽ ይመር ግን ሳይቸኩሉ "ወላሂ እኔን አክብረው ነው። በግቢህ አስካሪ አናስገባም አሉኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ከየት ይገኛል" አሉት። ሰውየውም ራሱን ነቅንቆ ቀሪቦውን ጨለጠ።

እኔ ይህን ሰምቼ እፎይ ከማለቴ፣ ከዳሱ ማዶ ምሰሶውን ተደግፋ የቆመች ልጅ አየሁ። ሙሉ ናት። ቢጫ ሹራቧን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እኔን እኔን ታያለች። ወንድሟ ልኳት ነው የሚል ብቻ ነው የመጣልኝ። እትዬ አበበችን በክርኔ ጎሸም አድርጌ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸው ወጥ የሚያቀብሉ መስለው ባለቤታቸው ዘንድ ሄዱ። ጋሽ ታደሰ ወደ ሙሉ አንድ ጊዜ አየት አደረጉ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው ራሳቸውን ወደ ግራና ቀኝ አወዛወዙ። ሁለተኛው ስንኝ ቀረ ማለት ነው።

ሙሽሮቹ ገቡና መዝሙሩ ተነሣ። የመጀመሪያውን ስንኝ ስንጀምር ዳሱ በሙሉ ተቀበለን። ሊቀመንበሩም ያጨበጭባል። ዓመታት ሙሉ ከስፌት መኪና ጩኸት ሥር በትንፋሽ የዘመርኩት እኔ በሰማይ ሥር በሙሉ አፌ ስዘምር ዓይኔ በራሱ ተጨፈነ፤ እንባዬም መጣ። ስንኙ አለቀ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸውን አልነቀነቁም። ጭብጨባው መላላት ጀመረ።

በዚህ መካከል ከማዶ አንዲት ቀጭን ድምፅ "በእጁ ጠባሳ አለ" ብላ ተነሣች።

ዓይኔን ስገልጥ ሙሉ ናት። ብቻዋን ቆማ፣ እኔን እያየች፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ ትዘምራለች። ከዚያ እኔ ነኝ የተቀበልኳት፤ እንዴት አፌን እንደከፈትኩ አላውቅም። "በዚያ ታውቂዋለሽ"። ከኋላዬ አንድ ወፍራም የወንድ ድምፅ ጨመረ፤ ከበሩ በኩል ሴቶች ጨመሩ፤ ወጥ የምታወጣው፣ እጅ የሚያስታጥበው፣ ደጅ መኪና የሚጠብቀው ሰውዬ ሳይቀር። የሠርግ ዕድምተኛ ናቸው ብዬ ያየኋቸው ሰዎች ሁሉ ያውቁታል። ዙሪያዬን ስዞር የማያውቀውን መፈለግ ነበር የሚከብደው። ይህን ያህል ነበርን። ይህን ያህል ሆነን ሳለ ነው ብቻችንን የመሰለን።

ሊቀመንበሩ ወደ ጋሽ ይመር ጎንበስ ብሎ "ሙሽራው እጁ ላይ ጠባሳ አለው እንዴ?" ሲል ሰማሁ።

"ፋብሪካ የሚሠራ ሰው እጁ መች ደህና ይሆናል" አሉት ጋሽ ይመር። ያውቁ እንደሆን፣ እንዲያው መልስ ስለማያጡ እንደሆን እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እኔና ሙሉ ከዳሱ ጀርባ፣ ድስቶቹ በተጣዱበት በኩል ተገናኘን። ተቃቅፈን ስናለቅስ ጭሱ ሽፋን ሆነን።

"አንቺን ሳይ ወጥቼ ልሄድ ነበር" አለችኝ። "ያላመነ ሰው ይዞሽ መጥቶ ነው ብዬ። ኋላ ስትዘምሪ አየሁሽ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ነበር፤ እንዲህ አድርጎ ለሠርግ የሚዘፍን ሰው የለም። ሁለተኛውን ካወቅሽው የእኛ ነሽ አልኩ።"

"ባላውቀውስ?"

"እሱን ከጀመርኩ በኋላ ነው ያሰብኩት።"

"ማክሰኞ ማክሰኞስ? ወንድሜ ማኅበር ወስዶኝ ያልሽኝ?"

"ወንድሜ ደግሞ መች ማኅበር ወሰደኝ። ከሱ በላይ ሰው የማይጠይቅበት ምክንያት ከየት ላምጣ? ይልቅ አክስትሽ ዳነች?"

ሳቅን፣ ቁጭ እስክንል። ከዚያ ሙሉ ዓይኗን ጠረገችና ዝቅ ባለ ድምፅ "ሁለት ዓመት ሙሉ እንድታምኚ ስጸልይልሽ ነበር እኮ" አለችኝ። እኔም ለእሷ። አንዳችን ለሌላችን አንድ ዓይነት ጸሎት፣ በአንድ ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ። እግዚአብሔር ሁለታችንንም ሲሰማ ምን ይል ነበር ብለን እንደገና ሳቅን። ያን ጊዜ እትዬ አበበች መጥተው "ኑ እንጂ፣ ሊቀመንበሩ ያቺ የሙሽራው ዘፈን ትደገምልኝ ብሏል" አሉን። ደገምንለት። ደስ ብሎት ደግሞ አስደገመን።

ስንመለስ ተለያይቶ የመጓዙን ሕግ ጥሰን ከሙሉ ጋር በአንድ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሙሉ ብርቱካን እየላጠች አጎረሰችኝ። ሐረጎን ስንወጣ ብርዱ ሲቀበለን የእትዬ አበበችን ጋቢ ለሁለት ለበስነው። ሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ የድሮው ዴስካችን ላይ ቦታ ይዛልኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐሙሱም ማክሰኞውም በየጓዳው ቀጠለ። ከተማው ግን ያው ከተማ አልሆነልኝም። ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት ዳሱ ውስጥ ስትዘምር አይቻታለሁ፤ እሷም አይታኛለች። አንነጋገርም። ሽንኩርት መርቃ ስትጨምርልኝ ግን በከንፈሯ ዳር ፈገግ ትላለች። የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ፣ እንዲሁ ናቸው። በመንገድ ስሄድ ደስታዬን የምደብቅበት ይጠፋኝ ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ አዳራሹ ተመለሰልን። የተረፈውን እህል ጠርገን፣ አይጡን አባረን፣ መስኮቱን ከፍተን ገባን። ጋሽ ታደሰ ያን ቀን ደርሰው አይተዋል። አሁን በሕይወት የሉም።

ሙሉ ኮምቦልቻ አግብታ እዚያው ናት፤ የልጅ ልጆች አሏት። ይህን ልጽፍ መሆኔን በስልክ ስነግራት "እኔ ነኝ ቀድሜ ያየሁሽ፣ እንዳታበላሺው" አለችኝ። ይሁንላት ብያለሁ።

እኔ ግን ከዚያ ሠርግ ወዲህ አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ባንክ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከማላውቀው ሰው ጋር ተጠጋግቼ ስቀመጥ፣ ፊቱን ሰረቅ አድርጌ አያለሁ። ሰው በልቡ ማንን ተሸክሞ እንደሚዞር ከፊቱ አይታወቅም። ምናልባት የሚጸልየው ለእኔ ይሆናል።