የጉም አምባ ጫፍ የማን ነው?

እዚህ እስራኤል አገር የአሽዶድ ባሕር በክረምት ሲቆጣና ድምፁ ሮቫ ሄ በሚሉት ሰፈራችን እስከምኖርበት አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲወጣ፣ ጉም አምባን እየላሰ ይወርድ የነበረው የልጅነቴ ነፋስ ጆሮዬ ውስጥ ይነሣል፤ ጆሮዬ ምራቴ ስትጠራኝ ይደነቁር እንጂ ለዚህስ ንቁ ነው።

ወረዳችን ትንሽ ነበረች፤ ከታች ወንዝ፣ ከላይ ጉም አምባ፣ በመካከል የሰው እርሻ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ርስት ስለተከለከልን የሌላውን መሬት እያረስን፣ ማረሻውንም ራሳችን እየቀጠቀጥን እንኖር ነበር። ክረምት ጉሙ አምባውን ሲውጠው፣ ቀጥቃጩ አያቴ ወናፍ እያስነፉኝ ያወጉኝ ነበር፦ አምባው ድሮ ከሰው ጉልበት አይደርስም ነበር አሉ፤ አባቶቻችን ለስግድ በዓል እየጾሙ ሲወጡ፣ እያንዳንዳቸው ድንጋይ ተሸክመው ጫፉ ላይ እያኖሩ ነው ሰማይ ያስነኩት። አምን ነበር፤ ዛሬም አልካድሁም።

ዝናቡ አባርቶ አደይ አበባው ከረገፈ በኋላ ስግድ ይደርሳል። አንድ ዓመት ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ከፊት፣ እኛ ድንጋያችንን ተሸክመን ከኋላ ስንወጣ፣ ጭቃ ሹሙ ዱላውን አጋድሞ መንገዱን ዘጋው።

«መሬቱ የጌቶች ነው! ከእንግዲህ እዚህ መውጣት የለም፤ ተመለሱ!»

ያን ቀን ከተመለስን ዳግመኛ እንደማንወጣ ልጅ እንኳ ያውቀው ነበር። አያቴ ድንጋያቸውን ሳያወርዱ ቀረብ ብለው፣

«ልክ ነዎት ጌታዬ፣ ከሥር ያለው የእርስዎ ነው» አሉ። «የላዩን ግን ተሸክመን ያመጣነው እኛ ነን። የእርስዎን ከሥር መዘው ይውሰዱ፤ የእኛን ይተዉልን።»

«ይኸስ ምን ተሸክሟል?» አለ ሹሙ ወደ እኔ ዞሮ።

ጉራዬ እንጂ ጉልበቴ ስላልጠና፣ ራሴ ላይ የነበረችው እንቁላል የምታህል ጠጠር ነበረች።

«እኔም እሷም ገና እናድጋለን» አልሁት።

ሹሙ በሳቅ ፈነዳ። እየሳቁ ዱላ አጋድሞ መቆም ያስቸግራልና፣ እሱ ሆዱን ይዞ ሳለ ቄሶቹ አለፉ፤ እኛም ተከተልን።

እዚህ ከመጣን ወዲህ ወደ ስግድ የሚወስደን አውቶቡስ ነው፤ ድንጋይ የሚሸከም የለም። እኔ ግን አዲስ ሕንፃ ከሚሠራበት ሁሉ የድንጋይ ስብርባሪ እየለቀምሁ፣ በየደረጃው እያረፍሁና ጉልበቴን እየረገምሁ፣ ጣሪያው ላይ እከምራለሁ። ባለፈው የሕንፃው ኃላፊ መጥቶ ጮኸ።

«ሳባ፣ ጣሪያው የሕንፃው ነው፣ አውርዱልኝ ይላል» አለችኝ የልጅ ልጄ፤ «ሳባ» የምትለኝ በዕብራይስጥ አያቴ ማለቷ ነው።

«ከሥር ያለው የሱ ነው በይው።»

ያኔ አምባ ነበረን፣ ርስት አልነበረንም፤ ዛሬ ርስት አላችሁ ይሉናል፣ አምባ የለም። ክምሬ ገና ከጉልበቴ አልደረሰም። ጉም አምባም ሲጀምር እንደዚሁ ነበር።