የሌላ እጅ ያረፈበት ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ አውቶቡሱ ላይ ከጓደኛዋ ጎን ስትቀመጥ ደስታዋ ለጉድ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ባንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ እሷ ስትሰፋ ጓደኛዋ ስትተኩስ ኖረው፣ ሱቁን ዘግተው የዱር አራዊት ፓርክ ሄደው የሚያድሩበት ቀን መጣ! ምን ያደርጋል፤ ገና ከከተማ ሳይወጡ፣ መሬት የነካውን የጓደኛዋን ቀሚስ ጫፍ ላንሣላት ብላ ስትይዘው ጣቷ እዚያው ቀረ።

ቀሚሱን የሰፋችው ራሷ ናት። የጫፉ ዝምዝማት ግን የእሷ አይደለም። ስፌቷን ደግሞ ጨለማ ውስጥም ቢሆን በጣቷ ታውቀዋለች። አንድ ሰው የእሷን ሥራ ተርትሮ እንደ አዲስ ሰፍቶታል። ማን ይሆን? ማን ይሆናል፣ ያቺ ማዶኛዋ ናታ! ማዶኛዋ ከመንገዱ ባሻገር ሱቅ ከፍታ ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ የምትወስድባቸው ልጅ እግር ሰፊ ናት። «ደንበኛውስ ይሂድ፤ እሷንም ልትወስድብኝ ነው እንዴ?» አለች በሆዷ። ቆሽቷ አረረ።

ፓርኩ ደርሰው፣ ከኩሬ ትይዩ ያለች ክፍል ተሰጥቷቸው፣ ጓደኛዋ ጫማዋን አውልቃ በረንዳው ላይ እግሯን ዘረጋች።

«እፎይ! እንዲህ ነው እንጂ ማረፍ!»

«አንቺማ ምን አለብሽ፤ ማረፊያሽን አዘጋጅተሻል።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ምንም።»

ምሳ ሲበሉ ደግሞ አላስችል አላት። «ማዶኛዋ ደህና ናት?»

«እኔ በምን አውቄ?»

«ውይ፣ ለካ አታውቂያትም!» አለችና ዳቦውን ያለ ርኅራኄ ቆረሰችው። የሜዳ አህዮች መጡ፣ ቀጭኔ መጣች፤ እሷ እቴ! ዓይኗ ከዚያ ቀሚስ ላይ አልነሣ አለ።

አመሻሽ ላይ ጓደኛዋ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። «እይ! አንበሳ! ከነደቦሎቿ፣ ከድንጋዩ አጠገብ!»

ልብስ ሰፊዋ አፍጥጣ አየች። ቢጫ ሣር ነው። ድንጋይ የሚመስል ነገርም አለ። «አየኋቸው፤ ሲያምሩ!»

«ደቦሎቹ ስንት ናቸው?» አለቻት ጓደኛዋ ቀስ ብላ።

ይሄኔ ደሟ ፈላ። «ደግሞ ፈታኝ ሆንሽብኝ? ይልቅ እኔ ልጠይቅሽ፤ ይሄን ቀሚስ ማን ተረተረው? ማዶኛዋ አይደለችም? እሷ ጋ ልትገቢ ነው? ንገሪኝና ይውጣልኝ!»

ጓደኛዋ ሳቅ ቃጣትና ተወችው። «እኔ ነኝ የተረተርኩት። ጠሞ ነበር። የእኔ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የደንበኞቹንም ከመተኮሴ በፊት ስንቱን አቃንቻለሁ መሰለሽ። ዓይንሽ ደክሟል፣ እህቴ። ሱቅ ውስጥ ልነግርሽ አፌ እምቢ አለኝ፤ እንረፍ ብዬ ያመጣሁሽም ለዚሁ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። ሞኝሽን ፈልጊ ልትላት ወደ ድንጋዩ ዞረች፤ የታያት ግን ያው ቢጫ ሣር ብቻ። የቀሚሱን ጫፍ መልሳ ያዘችና በጣቷ ዳሰሰችው። እንከን አጣችለት። ቀኑን ሙሉ በማዶኛዋ ያረረችው ምንም አልነበረም፤ አሁን ነው የቀናችው፣ እዚችው አጠገቧ በተቀመጠችው ጓደኛዋ እጅ።

«ማን አስተማረሽ?»

«ስትሰፊ እያየሁሽ አይደል የኖርኩት!»

ኩሬው ዳር የሆነ ነገር ውኃውን አንቦጫረቀ፤ እሱን ሰማችው።

«ስንት ናቸው ደቦሎቹ?»

«ሦስት። አንዱ የእናቱን ጭራ ይነክሳል።»

«ባለጌ» አለችና የቀሚሱን ጫፍ ለቀቀችው። «ስንመለስ ሐኪም ጋ ትወስጂኛለሽ። እስከዚያ የስፌት መኪናው ላይ አንቺ ተቀመጪ፤ እኔ እተኩሳለሁ።»

«ልብሱን አሳርረሽ ጉድ ልታፈይ ነው!»

«ዝም በይ! ብቻ ለዚያች ለማዶኛዋ ትንፍሽ ብትይ፣ እኔና አንቺ አበቃልን።»

«ኧረ እኔ አላውቃትም፣ ሙች!»

«እንዳታውቂያት!»