ከሃርጌሳ ወደ ደሴ የተላከ መርዶ

የወጣሁ ለታ ማታ እናቴ ቤት ዱዓ ነበር። ለእኔ እንዳይመስላችሁ። ዱዓው ለታናሽ ወንድሜ ለሰይድ ነው። ወታደር ሆኖ ግንባር ከሄደ ወዲህ በየሐሙሱ ማታ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ የሰፈራችን ሼህም የቅሬያችን፣ የእድራችን ማለቴ ነው፣ ዳኛም የሆኑት ሼህ እንድሪስ እጃቸውን ያነሳሉ፣ እኛ አሚን እንላለን። እኔም ድግሱ አንዴ ከተደገሰ ብዬ፣ «እማ፣ እኔም እኮ ነገ መንገደኛ ነኝ፤ ትንሽ ለእኔም» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አንተ ደሞ! ጥይት አይተኮስብህ» አለችኝ። ሼህ እንድሪስ ግን አዘኑልኝ መሰለኝ፣ መጨረሻ ላይ፣ ሰዉ ጫማውን መፈለግ ከጀመረ በኋላ «ለሙሄም መንገዱን ያቅናለት» አሉ። አሚን ያልነው እኔና ጆሮዋ የከበዳት አንዲት አሮጊት ብቻ ነን። እሷም ስለ ሰይድ መስሏት ነው።

ለምን ወጣህ ለምትሉኝ፣ ጦርነቱ በከተማችን ሲያልፍ የጫማ ሱቄ ተዘረፈ። ማን ዘረፈው ብላችሁ ብትጠይቁ ሁሉም ወገን ሌላውን ይጠቁማችኋል። እኔ በእርግጠኝነት የምናገረው ዘራፊው ጫማ የሚያውቅ ሰው መሆኑን ነው። ጥሩ ጥሩውን ለቃቅሞ፣ እኔ ራሴ መሸጥ ያቃተኝን ባለወርቅማ ዘለበት የሴት ጫማ ሳይነካ ትቶልኝ ሄደ። ያንን አይቼ ነው ተስፋ የቆረጥኩት። ሌባ እንኳ ያልፈለገውን ዕቃ ለማን ልሸጥ ነው?

ከደሴ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ድንበሩ። እዚያ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሹም አማርኛ ይችላል። ለምን መጣህ አለኝ፤ ለንግድ አልኩት። ምን ይዘህ? ምንም። ምን ልትገዛ? ገንዘብ ሳገኝ የማየው ነው።

«ታዲያ ነጋዴ መሆንህን በምን ልወቅ?»

«ሱቄ በመዘረፉ።»

ሳቀና አሳለፈኝ። የእሱም አባት ሱቅ በእነሱ ጦርነት ጊዜ ተዘርፎ እንደነበረ የነገረኝ ወረቀቴ ላይ ማህተሙን ካሳረፈ በኋላ ነው።

ሃርጌሳን ላላያችኋት፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ሹራብ ታወልቁ የለ? ሳትቆሙ መውረድ ብትቀጥሉ የምትደርሱት እዚህ ነው። የሚወለቅ ነገር ያልቅና ሙቀቱ አያልቅም። የደሴው የጦሳ ተራራ ጉም እዚህ ቢሸጥ በአንድ ክረምት ሀብታም እሆን ነበር። ሩዙን በሙዝ ይበሉታል፤ አዎ፣ አንድ ሳህን ላይ፣ አንድ ጉርሻ ውስጥ። እንጀራችንን የሚመስል ለሆህ የሚሉት ነገር አላቸው። ስታዩት አገራችሁ የገባችሁ መስሏችሁ ልባችሁ ይዘላል፤ ከዚያ ላዩ ላይ ስኳርና ሻይ ያፈሱበታል።

ቤት ያከራየችኝ ኤዶ ሳህራ ናት። ኤዶ ማለት አክስት እንደ ማለት ነው፤ ኪራይ ስትጠይቅ ግን አክስትነቷ አይታይም። እሷም በስደት ዘመኗ እኛ አገር ኖራ አማርኛ ለምዳለች። መጀመሪያ ለሐበሻ አላከራይም አለች። ሙስሊም ነኝ አልኳት። የቁርአኑን ፋቲሃ ቅራ አለችኝ፤ ቀራሁ። አንድ ፊደል እንዳላጣምም አፌን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጥሩ። ሙስሊም ከሆንክ ቃልህን ታከብራለህ፤ ቀድመህ ክፈል።»

«ባልሆንስ ኖሮ?»

«ያው ቀድመህ ትከፍል ነበር።»

እንዲህ እያልኩ ለመድኩ። ጫማ በጉልት እሸጣለሁ፤ «ዋርያ»፣ አንተ ሰውዬ እንደ ማለት ነው፣ ብለው ሲጠሩኝ ዞር እላለሁ፤ አዛኑ ሲሰማ መስጊድ እሄዳለሁ። ቋንቋው ያልገባኝ አገር ውስጥ የሚገባኝ አንድ ድምፅ እሱ ነው። እናቴ ስትደውል የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ሰይድ ደወለልህ?» ነው። ሁለተኛው «በላህ?» ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ።

የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ በባዕድ አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ያገር ልጅ ተሰብስቦ፣ ከሱብሒ ሰላት በኋላ በር ይንኳኳል። ስለዚህ ሃርጌሳ ያለ ሐበሻ ፖሊስን አይፈራም፤ ጠዋት በሩ ላይ ተሰብስበው የቆሙ ያገር ልጆችን ነው የሚፈራው። እኔን ግን በር ያንኳኳ የለም። ስልክ ነው የተደወለልኝ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ አንዲት ሴትዮ ጋር በጫማ ዋጋ ስከራከር።

«ጋሼ ሙሄ? አቤኔዘር እባላለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ከሰይድ ጋር ነበርኩ።»

ነበርኩ ሲል ጫማውን ለሴትዮዋ ባለችው ዋጋ ሰጠኋት።

ልጁ ጴንጤ ነው፤ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቷል። ሰይድ ቁጥሬን ሰጥቶት ነበር፤ «አንድ ነገር ከሆንኩ ለእማ እንዳትደውል፣ ለሙሄ ደውል» ብሎ። ሰይድን ለመመልመል ቤታችንን በአንድ ጠዋት ያገኙት ሰዎች ለመርዶው አድራሻችን ጠፍቷቸዋል፤ ሥራው ለዚህ ለቆሰለ ልጅ ተረፈ። ሰይድ አጠገቡ እንደወደቀ፣ በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገረኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦

«የእናንተን ሥርዓት አላውቅም። ግን ጠዋት ሲሰግድ ሁሌ የፀሐይ መውጫው በቀኙ በኩል ነበር። ፊቱን ወደዚያው፣ ሲሰግድ ወደሚያይበት አዞርኩት። ልክ ነኝ?»

ለሁሉም ነገር መልስ አላጣም፤ ደሴ የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ለዚህ ልጅ ግን ያለ ምንም ቀልድ «ልክ ነህ» አልኩት።

«የኔን ጸሎት ጸልዬለታለሁ» አለ። «የእናንተ ግን ይቀረዋል። አስደርጉለት።»

አያችሁ ችግሩን? ሰይድ ያለ ጀናዛ ሰላት ተኝቷል። ሬሳ ለሌለው የሚሰገድ ሰላት አለን፤ እሱ እንዲሰገድ ግን ሞቱ መታወቅ አለበት። ሞቱን የማውቀው እኔ ነኝ። እናቴ ደግሞ በየሐሙሱ በሰላም መልስልኝ እያለች ጎረቤት ታስቀምጣለች። ከተናገርኩ ሐሙሷን እነጥቃታለሁ፤ ዝም ካልኩ የወንድሜን ሰላት እበላለሁ። በዚህ ዋጋ ከአላህ ጋር ተከራከርኩ፤ አንድ ሳንቲም አልቀነሰልኝም።

ለሼህ እንድሪስ ደወልኩ። ሰምተውኝ ሲያበቁ ለምን መጥተህ አንተው አትነግራትም አሉኝ። ወረቀቴ ጊዜው አልፎበታል፣ ከወጣሁ አልመለስም፣ ካልተመለስኩ ደግሞ የእማን አስቤዛ የሚልክ የለም አልኳቸው። ከዚያ ያስጨነቀኝን ጠየቅኩ።

«ሼህ፣ ምስክሩ ክርስቲያን ነው። ይሆናል?»

«ፊቱን ወዴት አደረገው አልከኝ?»

ደግሜ ነገርኳቸው።

«ቂብላውን አልሳተም። እኔ ከዚህ ሌላ ምስክር አልፈልግም» አሉ።

በማግስቱ ከሱብሒ በኋላ ሊሄዱ ተስማማን። መርዶ ከአገር ወደ ስደተኛ ይላካል እንጂ ከስደተኛ ወደ አገር ሲላክ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ነጋዴ ነኝ፤ ወደ ደሴ ያልላክሁት ዕቃ የለም። እንደዚያ ቀን ግን ደርሶ ይሆን ብዬ ተጨንቄ አላውቅም። ኤዶ ሳህራ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ አይታኝ ኪራይ የቸገረኝ መስሏት «ችግር የለም፣ በሌላ ሳምንት» አለችኝ። ለራሷም ሳይገርማት አልቀረም።

ሼህ እንድሪስ ሲደውሉ ድምፃቸው ጎርንኖ ነበር።

«ነገርናት። በሩ ላይ እንዳየችን ነው ያወቀችው፤ እኔ የጀመርኩትን አልጨረስኩም። ሰላቱም ዓርብ ይሰገዳል።»

«አልሐምዱሊላህ። ምን አለች?»

«አለቀሰች። ከዚያ ገና እንባዋ ሳይደርቅ ሁላችንንም ሰብስባ፣ ሙሄ እንዳይሰማ አለች። ሰው አገር ብቻውን ነው፣ ማን ያጽናናዋል አለች። ወላሂ በሉ ብላ አስማለችን።»

«እና ማላችሁ?»

«ምን እናድርግ ልጄ፤ ማልን።»

«ሼህ፣ የነገርኩዎት እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ሌላ ሰው ነገረኝ ብያታለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። በዚያ ሰዓት እሱን መናገር አቃተኝ።»

ደሴ ሙሉ ያውቃል። እንዳያውቅ የተማለበት አንድ ሰው እኔ ነኝ።

ዓርብ እዚህ ካለው መስጊድ ጥግ ቆሜ፣ ማንም ሳያውቅልኝ፣ ሰገድኩለት። እማ የደወለችው ከዚያ በኋላ ነው። ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ፣ የቅሬው ብረት ድስት ሲጋጭ ይሰማል።

«ምን ጫጫታ ነው እማ?»

«ሰርግ ነው፤ ጎረቤት።»

«የማን ሰርግ?»

«የነከድጃ ልጅ።»

የነከድጃ ልጅ ካገባች ቆይታለች፤ የበኩሯ ስም ሲወጣ እኔም ነበርኩ። «መብሩክ በይልኝ» አልኳት።

«እሺ። በላህ?»

የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሆነ። በልቻለሁ አልኳት። ስለ ሰይድ ካልጠየቅኩ እንደማውቅ ትጠረጥራለች ብዬ «ሰይድስ ደወለ?» አልኩ።

«ደውሏል። ያለበት ኔትወርክ የለም እንጂ ሰላም ብሎሃል።»

«ወዓለይኩም ሰላም።»

«አላህ ይርሀ…» ብላ፣ ለሞተ ሰው የሚባለውን ጀምራ፣ ሳል ያዛት። ረጅም ሳል ነው። ሲለቃት «አላህ ይጠብቀው» አለች።

«አሚን» አልኩ፤ ለጀመረችውም፣ ለጨረሰችውም።